የልብስ ሰፊው አውቶቡሶች

ልብስ ሰፊው አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ሱሪ ሲያሳጥርና ሲያስረዝም ኖሮ በስድሳ ሁለት ዓመቱ የአውቶቡስ ጌታ ሆነ። እርግጥ ጌትነቱን የሚያውቅለት እሱ ራሱ ብቻ ነው። ሱቁን ከነስፌት መኪናዎቹ ሸጠና የከተማው አውቶቡስ ድርጅት አክሲዮን ሲያወጣ ያለ የሌለ ገንዘቡን እዚያ ላይ አፈሰሰው። «ሰው በአሮጌ ሱሪ ዓመት ይከርማል፤ ከቤቱ ሳይወጣ ግን አንድ ሳምንት አይከርምም» እያለ ለሰማውም ላልሰማውም ሽንጡን ገትሮ ይከራከር ነበር። ክርክሩም ሚስቱ ባትኖር ኖሮ ሰው ሁሉ ይረታለት ነበር።

ሚስቱ ለዚያ ገንዘብ ሌላ ሐሳብ ነበራት። የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም፤ ቀኝ ጉልበቷ ደግሞ ካኮረፋት ሦስት ዓመት አልፎታል። ሱቁ ሲሸጥ ደረጃ የሌለው ቤት እንግባ ስትል ለምናው ነበር።

«አንድ ዓመት ብቻ ታገሺኝ። ትርፉ ሲመጣ ደረጃ የሌለው፣ እንዲያውም ደጅ ያለው ቤት ነው የማስገባሽ» አላት።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችና ጉልበቷን እያሸች ዝም አለች።

ዝም ያለች ሚስት የተስማማች የሚመስለው ባል ብዙ ነው። ልብስ ሰፊውም አንዱ ነበር። በነጋታው ድርጅቱ ቢሮ ሄዶ መስኮቱ ላይ ለተቀመጠችው ወጣት አንድ ጥያቄ አቀረበ።

«ልጄ፣ የኔ የትኛው ነው?»

«ምኑ፣ ጋሼ?»

«አውቶቡሱ ነዋ!»

«በሁሉም ላይ ድርሻ አለዎት፣ ጋሼ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ግን ለይታችሁ ብታሳዩኝ ዐይኔን እጥልበት ነበር።»

ልጅቷ ከኋላው የተሰለፈውን ሰው አየችና ለመገላገል ያህል ጣቷን ቆጠር ቆጠር አድርጋ፣ «እንግዲህ አንድ በርና ሁለት መቀመጫ ይደርስዎታል» አለችው። ልቡ ቅቤ ጠጣ። በሰፈሩ የሚያልፈውን አውቶቡስ መረጠ፤ ከዚያም የኋላውን በርና የመጨረሻዎቹን ሁለት መቀመጫዎች የራሱ አደረገ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ገባ እንጂ ጡረታ ወጣ አይባልም። ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይወጣል። ቲኬቱን ሲቆርጥ፣ «ለራሴው ነው የከፈልኩት» ብሎ ይስቃል፤ ቲኬት ቆራጯ ቀልዱን ለመቶኛ ጊዜ ስለምትሰማው ስቃለት አታውቅም። ደንበኛ እንዳያጣ ብሎ በገዛ መቀመጫው አይቀመጥም። አጠገቡ ቆሞ የተቀመጠውን ሰው «እንዴት ነው፣ ተመችቶዎታል?» እያለ ይጠይቃል። እግሩን የሰቀለ ተማሪ ካየ፣ «አውርድ የኔ ልጅ፣ መቀመጫው ባለቤት አለው» ይላል። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ደግሞ ጥርሱን ያፋጫል።

«ቀስ! ጎማው እኮ ያልቃል!»

«ጋሼ፣ ቀይ መብራት ነው!» ይላል ሾፌሩ።

«አውቃለሁ፤ ቀስ ብለህ ቁምለት።»

ዓመቱ እንዲህ አለፈ። ከትርፉ ግን ወሬው እንኳ አልመጣም። አውቶቡሱ ግማሽ ሆዱን ባዶ ይሄዳል፤ ከኋላው የሚመጡት ሚኒባሶች ግን ሰው በሰው ላይ ጭነው ይበርራሉ። ልብስ ሰፊው ምክንያቱ የሕዝቡ ደንቆሮነት ነው ብሎ ደመደመ። ጠቅላላ ጉባኤው አንድ ወር ሲቀረው ሚስቱ ዝምታዋን ሰበረች።

«ጉባኤው ቅዳሜ ነው የሚውለው አይደል? ያን ቀን ትርፍ ይዘህ ካልመጣህ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። እሷ ቤት ደረጃ የለም።»

ቀልድ አልነበረም። ሻንጣውን ከአልጋ ሥር አወጣች፣ አቧራውን ጠረገች፣ በሩ አጠገብም አቆመችው። ልብስ ሰፊው የዚያን ሰሞን ከቤት በወጣ በገባ ቁጥር ሻንጣው እግሩን ይመታው ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብራው የኖረችው ሴት ጥላው ልትሄድ ነው። ለብቻው ሻይ ማፍላት እንኳ አያውቅም።

አንድ ቀን ከአውቶቡሱ ኋላ በር ቆሞ ወደ ውጭ ሲያይ ደሙ ፈላ። ፌርማታው ላይ ሚስቱ ቆማለች። አውቶቡሱ ፊቷ ቆመ፤ እሷ ግን እንዳላየች ፊቷን አዙራ ከኋላ የመጣው ሚኒባስ ውስጥ ገባች! ማታ ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ጀመረ።

«ከሰው ሁሉ አንቺ! የገዛ ንብረትሽን ትተሽ ከተፎካካሪ ጋር!»

«ንብረትህ መርገጫው ደረቴ ጋ ነው የሚደርሰው» አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ። «ሚኒባሱ ዝቅ ያለ ነው፤ ሳልቸገር እገባለሁ። ባንተ አውቶቡስ ለመውጣት ግን ጎትቶ የሚያወጣ ሰው መቅጠር አለብኝ። ጉልበቴ እምቢ አለኝ ብዬ ስንቴ ልንገርህ?»

ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ጉልበቷ ይጠይቃት ነበር። ልብስ ሰፊው ግን የሰማው ስለ መርገጫው ብቻ ነው፤ የቀረውን ጆሮ ዳባ ልበስ አለው። በነጋታው ፌርማታው ላይ በርከክ ብሎ ከመሬት እስከ መርገጫው ለካ። አርባ አምስት ሴንቲሜትር! አርባ ዓመት ጉርድ ቀሚስ የሰፋ ሰው ቀሚስ እስከ ምን ከፍታ እንደሚያስረግጥ ያውቃል። ሦስት ሳምንት ፌርማታው ላይ ቆሞ አውቶቡሱን የሚያሳልፉትን እየተመለከተ በዐይኑ ለካቸው። ጠባብ ቀሚስ የለበሱ፣ ልጅ ያዘሉ፣ ምርኩዝ የያዙ ነበሩ። የሁሉንም የእግር ርዝመት በወረቀት ጻፈ። የሚስቱን ግን አልጻፈም፤ እሷን መለካት ለምን ይሆን ሳይታሰበው የቀረው?

ቅዳሜ ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ መድረኩ ላይ ወጥቶ ድርጅቱ በዚህ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ትርፍ እንዳገኘ፣ እሱም ለባለአክሲዮኖች እንደሚከፋፈል አበሠረ። አዳራሹ አጨበጨበ። ልብስ ሰፊው በዚህ ጊዜ ወደ ቤቱ መሮጥ ነበረበት። እሱ ግን እጁን አውጥቶ ተነሣ።

«ትርፋችሁ ፌርማታ ላይ ቆሞ ቀርቷል!» አለና ወረቀቱን አነበበ።

«አባት፣ መርገጫችን ደንቡን የጠበቀ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ። «እኔ ራሴ ዘወትር እወጣበታለሁ።»

«በመኪናዎ ነው የሚመጡት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ይውጡና እንይዎት!»

ጉባኤው በሙሉ አንድ አውቶቡስ ወደ ቆመበት ግቢ ወጣ። ልብስ ሰፊው የሥራ አስኪያጁን ሱሪ ገና አዳራሽ ሲገባ አይቶት ነበር፤ ከወገቡ ሁለት ጣት፣ ከጭኑ አንድ ጣት ይጠብበዋል። የሙያ ነገር ነውና ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ባይሞክሩት ይሻላል» ብሎ አንሾካሾከለት። ሥራ አስኪያጁ አልሰማውም። እግሩን አንሥቶ መርገጫው ላይ ሊያሳርፍ ሲል ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ድምፁን በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይቀር ሰማው።

ሳቁ ቶሎ አልቆመም። ልብስ ሰፊው ከኮቱ ኮሌታ ሥር የማትለየውን መርፌ ከነክሯ አወጣና ሥራ አስኪያጁን ከአውቶቡሱ ጋር አስደግፎ፣ ቆሞ እንዳለ መስፋት ጀመረ። የቦርዱ ሰብሳቢ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ድምፅ ጠየቀች።

«በሁሉም አውቶቡሶች ላይ ዝቅ ያለ መርገጫ እንግጠም ካልን የዘንድሮው ትርፍ አይከፋፈልም፤ ለዚያ ይውላል። የምትደግፉ?»

የመጀመሪያው እጅ የልብስ ሰፊው ነበር። መርፌውን እንደያዘ ብድግ ሲያደርገው የሥራ አስኪያጁም ሱሪ በክሩ ተጎትቶ አብሮ ድምፅ ሰጠ። ሻንጣው ትዝ ያለው ያኔ ነው። እጁን ሊያወርድ ዞር ቢል ግቢው በሙሉ እሱን አይቶ እጁን አውጥቷል። በምን ዐይኑ ያውርደው?

ወደ ቤቱ ሲመለስ ደረጃውን እንደ ሌላው ቀን ሁለት ሁለቱን እየረገጠ አልወጣም። ሚስቱ ነጠላ ጫማዋን በውጭ ጫማ ቀይራ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ምን ይዘህ መጣህ?»

«መርገጫ» አለና ሁሉንም ነገራት። ሱሪው ላይ ሲደርስ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልሳቀችም።

«ትርፉ መጥቶ ነበር ማለት ነው?»

«መጥቶ ነበር።»

«ይኸዋ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለችና ተነሣች። «ሻንጣውን ያዝልኝ። እህቴ እየጠበቀችኝ ነው።»

ሻንጣውን አንሥቶ ከኋላዋ ወጣ። ሌላ ጊዜ ቀድሟት ወርዶ በር ላይ ይጠብቃት ነበርና ስትወርድ አይቷት አያውቅም። ግድግዳውን ይዛ፣ ቀኝ እግሯን አስቀድማ፣ ግራዋን ከአጠገቡ እያሳረፈች፣ በየደረጃው እየተነፈሰች ነው የምትወርደው። ሁለተኛ ፎቅ ሲደርሱ ማንም ሳይጠራት አንድ በር ተከፈተ፤ ጎረቤቲቱ ወንበር ይዛ ወጣች፣ ለሚስቱ አስጠጋችላትና «ዛሬ አልዘገየሽም፣ እታለም?» ብላ ተመልሳ ገባች።

«ይሄ ወንበር ምንድን ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

«የኔ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው።»

የከተማውን ሰው እግር ሲለካ የከረመው ሰው አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ሻንጣውን አስቀመጠና እግሯ ሥር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«አክሲዮኑን ነገ እሸጠዋለሁ» አለ።

«ነገ እሁድ ነው። ማን ከፍቶ ይጠብቅሃል?»

«ሰኞ እሸጠዋለሁ። ደረጃ የሌለው ቤት እስካገኝ እኔም እህትሽ ጋ እሆናለሁ፤ ብትሰድበኝም ትስደበኝ።»

«ትሰድብሃለች» አለች ሚስቱ፣ እጇን ትከሻው ላይ አሳርፋ። ጥቂት ካሰበች በኋላ ግን፣ «ሁሉንም አትሽጠው፤ አንዷን አስቀርልኝ» አለችው።

«ለምን?»

«መርገጫው ዝቅ ሲል እወጣበታለኋ! ያን ቀን ሾፌሩን ቀስ በል የምለው እኔ ነኝ።»

ከዚያ ትከሻውን ተደግፋ ተነሣች። የቀሩትን ደረጃዎች አብረው፣ አንድ በአንድ፣ ቀኝ እግራቸውን እያስቀደሙ ወረዱ።