ጋሼ ያስቆረጡን ባሕር ዛፍ

መምህር የነበሩት ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ስህተታቸውን ሰው ፊት ይናገሩ ነበር። እኔ የማስታውሳቸው በዚህ ነው።

ናዝሬት፣ ከሰፈራችን በታች ባለው ጅረት ዳር፣ በዘመቻ ባሕር ዛፍ ያስተከሉን እሳቸው ናቸው። ዛፉ ሲያድግ ጅረቱ ቀጠነ። ጋሼ የአካባቢውን ገበሬዎች ሲጠይቁ ከረሙና አንድ እሑድ ሰፈሩን ሰበሰቡ።

«ውሃውን የሚጨርሰው ዛፉ ነው። ያስተከልኳችሁ እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። እንቁረጠው።»

«መምህር፣ ስንተክል የተቆረጠው ወገቤስ?» አሉ ጎረቤታችን እማማ። ሰው ሳቀ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ግን አልሳቁም። «የዘመቻ ዛፍ መቁረጥ ያሳስራል» አሉ።

«እንግዲያው እኔን እሰሩኝ፤ ጅረቱ ግን ይትረፍ» ብለው ጋሼ መጥረቢያቸውን አነሱ። ሊቀ መንበሩ ኮታቸውን አወለቁና አብረውን መቁረጥ ጀመሩ።

ጋሼ በዚህ ክረምት አረፉ። ባለፈው እሑድ ከጉቶው ያቆጠቆጠውን ልንቆርጥ ወረድን። ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ቆመ፤ ሁልጊዜ የሚጀምሩት ጋሼ ስለነበሩ ማን እንደሚጀምር አላወቅንም።

«በል፣ አንተ ጀምር» አሉኝ እማማ።

እኔ ንግግር አልችልም። «ጋሼ ቢኖሩ...» አልኩ። ጎንበስ ብዬ መቁረጥ ጀመርኩ። ሌሎቹም ተከተሉኝ። ከበታችን የጅረቱ ውሃ ሲወርድ ይሰማ ነበር።