ሙጊሻ ሲንበረከክ

ይህን እስከዛሬ ለማንም አልነገርኩም። ካምፓላ፣ ኪሰንዪ ውስጥ በአንድ ልብስ ስፌት ቤት ሒሳብ ስሠራ ሙጊሻን በድብቅ እወደው ነበር። ለሠራተኞች መብት የሚሟገት ሰው ነው። ለፓርላማ በተወዳደረ ሰሞን ወደ ስፌት ቤታችን መጣና ባልደረባዬ ናካቶ ፊት ተንበረከከ። ምን ብሎ እንደጠየቃት ከሩቅ አልሰማሁም፤ እሷ ግን እየሳቀች "እሺ" አለችው። አገሩን ገና አልለመድኩም ነበርና ሊያገባት ነው ብዬ በቅናት ስቃጠል ሰነበትኩ። ሰላምታዋን እንኳ መመለስ አቃተኝ።

ከሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። በቀጥታ ወደ እኔ መጥቶ ጉልበቱን አጠፈ። "እሺ" ልለው አፌን ስከፍት ናካቶ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና ጮኸች፦

"የተከበሩ፣ ጉልበትዎን ይቆጥቡ እንጂ! እሷ ኢትዮጵያዊት ናት፤ እዚህ መምረጥ አትችልም።"

ሱሪውን አራገፈና አጠገቤ ልብስ የምትሰፋው ልጅ ፊት ተንበረከከ።