የአክስቴ የቃሪያ ጋን

የምድርን ቡቃያ ለጾመኞች ማዕድ ያደረገ፣ ሁሉን በየጊዜው የሚመግብ አምላክ ስሙ ይክበር፤ አንደበቴንም ለእውነት ያቅናልኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ አክስቴ ጥሩወርቅ በንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ለምትሠራ አንዲት ቡልጋሪያዊት ነርስ ምግብ ታበስል ነበር። ያኔ አመሻሽ ላይ ስትመለስ እሳት ዳር ሰብስባን የዚያችን ሴት አገር እንደ ተረት ታወጋልን ነበር፦ በመከር ወራት መንደሩ ሁሉ ቃሪያ በፍም ሲጠብስ በጢስ እንደሚሸፈን፣ ጎመኑና ካሮቱ በጨው ውኃ ተዘፍዝፎ የበረዶውን ወራት እንደሚያሻግር፣ እንግዳ ሲመጣም ትናንሽ ሳህኖች እየተከታተሉ ቀርበው ሰው ከየሳህኑ ጥቂት ጥቂት እየቀመሰ ሲጫወት እንደሚውል። እኔም ያን አገር በፍሙ ውስጥ የማየው ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት አክስቴን ወሬው ብቻ አልበቃት አለ። በጥቅምት ከአርብ ገበያ ቃሪያ አስመጥታ፣ ከነርሷ ጓሮ ጥቅል ጎመንና ካሮት ለምና፣ በጋን ከትታ የጨው ውኃ ሞላችበት፤ የታጠበ ድንጋይም ጫነችው። ነገር ግን እጇ እንደ ለመደው፣ ለጠላ እንደሚደረገው ሁሉ፣ ጋኑን አስቀድማ በወይራ አጥናው ነበር። ነርሷ ይህን ስትሰማ ራሷን ይዛ፣ «ጢስ? ጥሩወርቅ፣ ጢስ የለም!» አለች። አክስቴ ግን መድፋቱ አሳዝኗት ተወችው።

የመጋቢት መድኃኔ ዓለም የጽዋ ማኅበሩ ተራ እኛ ቤት ደረሰ። ዝናቡ ቀድሞ ቀርቶ አተርና ባቄላው ስለ ከሸፈ ለወጥ የሚሆን ሽሮ እንኳ አልነበረንም፤ ማኅበርተኛን በደረቅ እንጀራ መሸኘት ደግሞ ለአክስቴ የዕድሜ ልክ እፍረት ነበር። ያላት ያ ጋን ብቻ ነበርና ከፈተችው፤ እንደ ሰማችውም በትናንሽ ጣባ ከፋፍላ አቀረበች።

ጎረቤታችን እቴ ደጊቱ አፍንጫዋን ያዘች።

«አንቺ ጥሩወርቅ! የኮመጠጠ ጎመን ለመድኃኔ ዓለም? ደግሞ ይህች ጣባ ለድመት ነው ለሰው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እጁን የዘረጋ ግን አልነበረም። የነፍስ አባታችን መምሬ አለሙ ወደ አክስቴ ዞሩ።

«ምን ምን ገባበት፣ ልጄ?»

«አትክልትና ጨው ብቻ፣ አባቴ። የነርሷ አያትም በዐቢይ ጾም የሚመገቡት ይህንኑ ነበር አሉ።»

መምሬ ባርከው አንድ ቃሪያ ነከሱ። ዋጡና ሁለተኛውን አነሡ።

«ደጊቱ፣ የድመት ነው ካልሽ ያንቺን ጣባ ወዲህ በይው!»

«ኧረ አባቴ፣ እኔም ልቅመሰው እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እቴ ደጊቱ ሦስት ጊዜ አስሞላች፤ ጋኑም ሳይመሽ ተሟጠጠ።

አክስቴ በማግስቱ ለነርሷ ያተረፈችላትን ጥቂት ወሰደችላት። ነርሷ ቀመሰች፤ በሦስተኛው ቀን ባዶ ጠርሙሶቿን በሙሉ በቅርጫት ተሸክማ፣ በወይራ እንዲታጠኑላት ደጃችን ድረስ መጣች።

ከዚያ ወዲህ በቅኔ ቤትና በመጻሕፍት ቤት ብዙ ዘመን ተቀምጫለሁ፤ ስለ ሩቅ አገር ምእመናን በተነበበ ቁጥር ግን የማስበው ባሕር ማዶውን ሳይሆን፣ ያን ቀን አንገቷን አቅንታ በማኅበርተኞቹ መካከል የተመላለሰችውን አክስቴን ነው። ይህን የሰማችሁ ሁሉ፣ ለእንግዳ የምታቀርቡትን አያሳጣችሁ፤ ጥቂቱን ያበርክትላችሁ፤ የእጃችሁንም ሥራ በሰው ፊት ያክብርላችሁ፤ አሜን።