ጭቃ ላይ የሚቆም ትሪፖድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ካሜራ አልነካሁም። ቀኑን ሙሉ ይዤ የዋልኩት የትሪፖድ እግር ነው። ጅማ ላይ ስቱዲዮ የነበራቸው ጋሽ ታደለ በቀጠሩኝ ማግስት ሰቃ ለሰርግ ወሰዱኝ። እኔ ቪዲዮ ቀራጭ ልሆን ነው ብዬ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሼ እየተንቀባረርኩ ነበር። ዳሱ ስንደርስ ትሪፖዱን ዘረጉት፤ የአንደኛው እግር መቆለፊያ ተሰብሮ በጎማ ቁራጭ ታስሯል። «አስቴር፣ አንቺ ይቺን ያዢ። ከለቀቅሻት ካሜራው ይወድቃል» አሉኝ።

ያዝኳት። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ምሳ ሲነሳ፣ ቤተዘመዱ ተራ በተራ ፎቶ ሲነሳ፣ እኔ ቁጢጥ ብዬ እግር ይዣለሁ። ሳህን የያዘ ሁሉ በላዬ ያልፋል፤ አዲሱ ቀሚሴ ላይ ወጥ ጠብ ብሎበታል። ቤት ስገባ እናቴ ሥራው እንዴት ነው ብትለኝ እግር ይዤ ዋልኩ አልኳት። የታመመ ሰው ነበር እንዴ ብላ ደነገጠች።

እያደር ሁሉንም ተማርኩ። ጋሽ ታደለ ቁጡ ነበሩ፣ እኔም ብሼ እገኛለሁ እንጂ አላንስም፤ ግን የሚያውቁትን አይደብቁም። ለካሜራው ነጭ ወረቀት አሳይቶ ቀለም ማስተካከሉን፣ የውሃ ሚዛኗን አረፋ መሃል ማምጣቱን፣ ካሜራን ትንፋሽ ይዞ ቀስ ብሎ ማዞሩን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ማይክ ይዞ ካሜራ ፊት ከሚቆም ዘፋኝ ጋር አትጣይ፣ ዞር በይለት፣ ይሉኝ ነበር። ይሄን ምክር እስካሁን መተግበር አልቻልኩም።

በኛ አገር የሙስሊም ሰርግ ላይ የሴቶቹ ዳስ ለብቻው ነው። ወንድ ቀራጭ ደጃፉን አያልፍም። ጋሽ ታደለ ሴት የቀጠሩትም ለዚሁ ነበርና፣ ካሜራ መያዝ ስችል የሴቶቹ ዳስ የኔ ሆነ። እዚያ ውስጥ ሴቱ ሻሹን ጥሎ፣ ድቤ እየመታ፣ እንደልቡ ይጨፍራል። የቀረፅኩትን ከነካርዱ ለሙሽራዋ እናት አስረክባለሁ፤ እኔ ጋ ቅጂ አይቀርም። እንጀራዬ ያለው እዚህ እምነት ላይ ነው።

ጋሽ ታደለ ስቱዲዮውን ዘግተው ልጆቻቸው ጋ አዲስ አበባ ሲገቡ የራሴን ሥራ ጀመርኩ። ያጠራቀምኩትን በሙሉ ካሜራው ላይ አፈሰስኩት። ለትሪፖድ በተረፈችኝ፣ የታክሲ በምትባል ገንዘብ፣ አዲስ አበባ ሄጄ አንድ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ትሪፖድ ገዛሁ። ሻጩ ሴራሚክ ወለሉ ላይ ዘርግቶ፣ «እህቴ፣ ይሄ ፕሮፌሽናል ነው፤ ላባ በይው» አለኝ። ላባ መሆኑን እንኳ አልዋሸኝም።

የጉዱ ቀን በቾ ቦሬ፣ እዚሁ ሰፈራችን ነበር። መቼም ሰርግ ቀርፃችሁ የምታውቁ ሴቶች ይሄን ታውቁታላችሁ፦ ሴቶች ለጭፈራ ሲነሱ ቦርሳቸውን የሚያደርጉበት የላቸውም። መሬቱ ጭቃ ነው፤ ወንበሩን ደግሞ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል። ስለዚህ ወደኔ ይመጡና፣ «አስቱ፣ ነፍሴ፣ ይቺን እያት» ብለው መልሴን ሳይሰሙ ትሪፖዱ እጀታ ላይ ሰቅለውት ይሄዳሉ። አንዷ ስትሰቅል ሌላዋ ታያለች። ያን ቀን ዞር ብዬ መብራት ሳስተካክል እጀታው ላይ የቦርሳ ገበያ ቆሟል።

ትሪፖዱ ዘመም አለ። እግሮቹን የሚያገናኘው መሃሉ ፕላስቲክ ኖሯል፤ ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ካሜራውን በማሰሪያው ለቀም አደረግኩት፤ ሌንሱ ግን ከወንበር ጠርዝ ጋር ተላትሞ ጫፉ ተቧጠጠ። እኔ ስናደድ አፌን አልችልም፤ ይሄ ካሜራ ነው እንጂ ቁምሳጥን አይደለም አልኳቸው። ሴቶቹም አይዞሽ እያሉ፣ እየሳቁ፣ ቦርሳቸውን ለቃቅመው ተመልሰው ጨፈሩ። እኔ የቀረውን ሰርግ በእጄ ይዤ ቀረፅኩት። ምስሉን በኋላ ሳየው ዳሱ መኪና ላይ የተጫነ ይመስል ነበር።

ከዚያ ሰርግ ብዙም ሳይቆይ ወይዘሮ ዘይነባ ከአጋሮ መጡ። ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቆፍጠን ያሉ፣ ሁለቴ የማይናገሩ ሴት። ልጃቸው ኢክራም ልትዳር ነው። ሻይ ቀረበላቸው፣ አልነኩትም።

«እናቴ አልጋ ላይ ናት» አሉኝ። «ኢክራምን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እኔ በንግድ ስዞር እቅፏ ውስጥ ነው ያደገችው። ዳስ አውጥተን አናስቀምጣት ነገር ወገቧ አይችልም። ክፍሏ ቴሌቪዥን አለ። አንቺ የምትቀርጪውን እዚያው እያየች መዋል ትችላለች?»

ትችላለች አልኩ። ከካሜራው እስከ ቴሌቪዥኑ ረጅም ገመድ መዘርጋት ነው፤ ከባድ ነገር የለውም። የሚያየው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ገመዱ ከዚያ ክፍል አያልፍም፣ ክፍሉ ውስጥ ሴቶች ብቻ ይሁኑ አልኳቸው። እሱን ወደዱት።

«አንድ ነገር ግን አለ» አሉ። «የወንድሜ ልጅ ስትዳር ልጆቹ በስልክ ቀርፀው አሳዩአት። ምስሉ ሲወዛወዝ ጊዜ ዞሮባት አስመለሳት። የልጅ ልጇን ሰርግ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዋለች። የኢክራምም እንደዛ ከሚሆንባት ጭራሽ ባታይ ይሻለኛል። የሚነቃነቅ ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ።»

አይነቃነቅም አልኳቸው። ቃሌን ሰጥቼ ሸኘኋቸውና በሩን ስዘጋ ነው ትሪፖድ እንደሌለኝ ትዝ ያለኝ።

ፍለጋ ጀመርኩ። ጅማ ሱቆች ውስጥ ያገኘሁት ሁሉ የስልክ መቆሚያ ነው። አንዴ ከተቃጠልኩ ወዲህ ብልጥ ሆኛለሁ፤ ማብረቅረቁን ትቼ ትሪፖዱን ዘርግቼ አናቱን በሁለት እጄ እደገፈዋለሁ፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ አደርገዋለሁ። እግሮቹ እንደ ሸንኮራ ከተጣመሙ ደህና ዋል ብዬ እወጣለሁ። የመጨረሻዋን ቀጭን እግር ስስብ ባለ ሱቆቹ ይቆጡኛል፤ እኔም እቆጣቸዋለሁ። አንድ ሁነኛ የቪዲዮ ትሪፖድ አዲስ አበባ እንዳለ በስልክ አገኘሁ፤ ዋጋውን ስሰማ ካሜራ ጨምረው የሚሸጡልኝ መስሎኝ ነበር።

በሐሳብ ተይዤ ወደ ቤት ስመለስ ጎረቤታችን ጋሽ በዛብህ በረንዳ ላይ ዓይኔ አረፈ። ጋሽ በዛብህ ዕድሜያቸውን በመንገድ ቀያሽነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ሦስት እግር ያለው እንጨት ቆሞ፣ ከላዩ የባለቤታቸው አበባ ተቀምጦበታል። ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ያን ቀን ነፋስ ነበር፤ አበባው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እንጨቱ ንቅንቅ አይልም። ቆሜ አየሁና በሩን አንኳኳሁ።

የቀያሽ መሣሪያ መቆሚያ ነበር። እግሮቹ ወፍራም እንጨት፣ ጫፋቸው የሾለ ብረት፣ ከብረቱ ላይ የእግር መርገጫ ያለው። ላዩ ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ፕላስቲክ የሚባል ነገር አልዞረበትም። ጋሽ በዛብህ እዚህ ላይ የሚቀመጠው መለኪያ መሣሪያ ትንሽ ከተነቃነቀ መንገዱ ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ ይገባል አሉኝ። ይሽጡልኝ ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ። የአጋሮዋን አሮጊት ነገር ስነግራቸው ግን ተነስተው አበባውን በገዛ እጃቸው አወረዱት።

ዝም ብለው ግን አልሰጡኝም። ጓሮ ወስደው ተዳፋቱ ላይ አስተከሉኝ። ስህተት ስሠራ በከዘራቸው እግሩን መታ አድርገው፣ «ንቀዪው፣ እንደገና» ይሉኛል። ሁለቱ እግር ወደ ቁልቁለቱ፣ አንዱ ወደ ዳገቱ። በመዶሻ አይመታም፤ መርገጫው ላይ በሙሉ ክብደት ይቆማል። ሲበቃቸው፣ «እንግዲህ ከባለቤቴ ጋር ተነጋገሪ» አሉ። ለባለቤታቸው የብረት አበባ ማስቀመጫ አሠራሁላቸው፤ የትሪፖዱ ዋጋ እሱ ሆነ።

አንድ ጣጣ ቀረ። የቀያሽ ቡሎን ወፍራም ነው፣ ከካሜራ ዕቃ ጋር አይገናኝም። ካሜራውን ይዞ የሚዞረውን ክፍል፣ ሄድ የምንለውን፣ ሥራ ካቆመ አንድ ቀራጭ በርካሽ ገዛሁ። አሮጌ ነው፤ ግን ስታዞሩት ለስለስ ብሎ ይሄዳል፣ ስትለቁት ባለበት ይቀራል። ሁለቱን ይዤ ቶርኖ ቤት ሄድኩና መሃላቸው የሚገባ ወፍራም የብረት ሳህን አስቆረጥኩ፤ ከታች የቀያሹን ቡሎን የሚቀበል፣ ከላይ ለሄዱ የሚሆን ቡሎን ያለው። ከሳህኑ ሥር አንድ መንጠቆ አስበየድኩ። መንገድ ላይ ያገኙኝ የሙያ ጓደኞቼ፣ ካሜራን በእጅ ሲይዙት የሚያረጋጋውን ጂምባል የያዙት ዘመናዮቹ፣ አስቱ መንገድ ሥራ ገባሽ እንዴ እያሉ ተሳለቁብኝ። ገብቻለሁ፣ የናንተን ሰፈር ላፈርሰው ነው አልኳቸው።

የሰርጉ ቀን አጋሮ ስደርስ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። የሴቶቹ ዳስ ከቤቱ ጀርባ፣ ወደ ቡናው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ተጥሏል። ጭቃው ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ አዳዲስ ሰሌን ተነጥፏል። ሰሌን ላይ የቆመ ትሪፖድ ይንሸራተታል፤ ከምቆምበት ጥግ እንዲነሳልኝ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ጭቃ ላይ እንግዳ አላስቀምጥም አሉ። እኔም ደሜ ፈላ።

«ወይዘሮ ዘይነባ፣ ወይ ሰሌኑ ወይ እናትዎ» አልኳቸው።

ለአፍታ አዩኝ። ጎንበስ ብለው ሰሌኑን ከነላስቲኩ ራሳቸው ጠቀለሉት። ሁለቱን እግር ወደ ቡናው፣ አንዱን ወደ ቤቱ አድርጌ መርገጫዎቹ ላይ ቆምኩባቸው፤ ብረቱ ጭቃውን አልፎ ጠንካራው አፈር ላይ ደረሰ። ገመዱን በመስኮት አስገባሁ። የወይዘሮ ዘይነባን እናት ቤተሰቡ ሁሉ አኮ ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። አኮ በትራስ ተደግፈው ቀና ብለዋል፤ ትንሽ፣ ቀጭን ሴት ናቸው። ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነው። ቴሌቪዥኑ ሲበራም አላዞሩም። ወደ ካሜራዬ ተመለስኩ።

ጭፈራው ተጀመረ። ቦርሳዎቹም እንደ ልማዳቸው መጡ። ከላይ አይደለም፣ ከሥር፣ እያልኩ መንጠቆው ላይ አሰቀልኳቸው፤ እንዳይወዛወዙ ከአንዱ እግር ጋር በሻሽ አሰርኳቸው። ክብደት በጨመረ ቁጥር ትሪፖዱ ይበልጥ መሬት ይይዛል። አንዲት ወፈር ያሉ አክስት እየተሽከረከሩ መጥተው በትከሻቸው ገጩት። ስክሪኑን አየሁ፤ ኢክራም ባለችበት አለች። አክስትየው ትከሻቸውን እያሹ፣ «ጋሪዳ» አሉኝ፣ ደህና ነው ጥሩ ነው ለማለት። እኔ ግን ሐሳቤ መስኮቱ ጋ ነው፤ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ አላውቅም።

ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት ዱዓ ለመቀበል አያቷ ጋ ትገባለች። ኢክራም ተነስታ ስትገባ ዳሱ ውስጥ ድቤው አልቆመም። ይሄኔ አክስቶቹ ወይዘሮ ዘይነባን እየጎተቱ መሃል አስገቧቸው። እምቢ ሲሉ ቆይተው ጨፈሩ፤ ያቺ ቆፍጣና ሴት፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ እንደ ልጃገረድ። እኔ ካሜራውን እሳቸው ላይ አድርጌ እጄን ከእጀታው አነሳሁ።

ኢክራም ብዙም ሳትቆይ ተመለሰች። እየሳቀች ነው፣ እንባዋም ኩሉን ይዞት እየወረደ ነው። ምን ሆንሽ አሏት። አልጋው አጠገብ ተንበርክኬ የአኮን እጅ ልስም ስል ገፋ አደረገችኝ አለች።

«አትከልዪኝ፣ እናትሽ እየጨፈረች ነው፣ አለችኝ» አለች ኢክራም። «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ፣ ሰርጉ እኮ እዚያ ነው፣ ሂጂና አጠገቧ ቁሚልኝ፣ ሁለታችሁን አንድ ላይ ልያችሁ፣ አለችኝ።»

ወይዘሮ ዘይነባ ቀጥ ብለው ቀሩ። ኢክራም እጃቸውን ይዛ ካሜራው ፊት አመጣቻቸው። ሁለቱ ተቃቅፈው ወደ ሌንሱ እያዩ ቆሙ፤ ድቤውም ዝም አለ። እኔ አልተነፈስኩም፤ ብተነፍስም የሚነቃነቅ ነገር አልነበረም። ያኔ ከመስኮቱ ውስጥ ቀጭን፣ የተሰባበረች፣ ግን ረጅም እልልታ ተሰማች። አኮ ናቸው። ዳሱ ሙሉ ሴት በአንድ ድምፅ መለሰላቸው። እኔም ሥራዬን ረስቼ አብሬ እልል አልኩ፣ አለቀስኩም።

ዛሬም የምሠራው በዚያው ትሪፖድ ነው። አሁን ብዙ ልጆች ወደ ሙያው እየገባችሁ ነው፤ ሴቶችም በዝታችኋል፣ ደስ ይለኛል። መጀመሪያ ስለ ካሜራ ትጠይቁኛላችሁ። ትሪፖድ ስትገዙ ጨርሶ ቀላሉን አትውሰዱ፤ እግሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ብረት ይሁን፤ ሱቅ ወለል ላይ ሳይሆን በምትሠሩበት መሬት ላይ አቁማችሁ ሞክሩት፤ ያገለገለ ቢሆንም አትናቁት። ገንዘባችሁ ለሁለቱም ካልበቃ ካሜራውን ዝቅ ያለ ግዙ፣ ትሪፖዱን ደህና ግዙ።