እትዬ የሺ ምህረትን ሳታገኝ ሄደች

ዛሬ ጠዋት ደውላ የነገረችኝን ልጅ «የትኛዋ የሺ?» ብዬ ሁለቴ ጠየቅኳት። ሻርጃ ውስጥ ሌላ የሺ እንድትኖር ፈልጌ ነው። ልጅቷም ገብቷት «የኛዋ» አለችኝ።

እትዬ የሺ አርፋለች። ትናንት ከሥራ ስትመለስ ደረቴን አለች፣ ሆስፒታል ሳትደርስ አለፈች። ትናንት ጠዋት እኮ በስልክ ተጨቃጭቀን ነበር። እሁድ አጅማን እንሂድ ስትለኝ እግሬን አሞኛል አልኳት። ውሸቴን ነው። የልጇ ፍለጋ ሰልችቶኝ ነው። አሁን ይህን እየጻፍኩ ራሴን ጠላሁት።

ለማታውቋት፣ እትዬ የሺ የምህረት እናት ናት። ምህረት ደግሞ የዛሬ ስድስት ዓመት፣ በአስራ ስድስት ዓመቷ ሻርጃ አጠገብ አጅማን ላይ የጠፋችው የኮምቦልቻ ልጅ። ሰው ቤት በገባች በአራተኛው ወር ነው። ማዳሟ ጥላኝ ሄደች አለች፣ ኤጀንሲው ጠፍታለች ብሎ ወረቀት ጻፈ፣ በቃ። ሌላ የጠየቀ የለም።

እናቷ ልትፈልጋት ራሷ በቤት ሠራተኝነት ተመዝግባ መጣች። ኮንትራቷን ስትጨርስ ዱባይ አል ሙራቃባት እኛ ክፍል ቢድ ስፔስ፣ በአልጋ የሚከራይ ቦታ፣ ያዘች። ሻርጃ እስክትዛወር ድረስ ከኔ በታች ያለው አልጋ የሷ ነበር። ለመምጣት ብላ ዕድሜዋን አስቀንሳ ስለነበር በወረቀት ከኔ ታንሳለች። «ታናሼ ነሽ፣ ሂጂ ዳቦ ግዢ» እያልኩ አበሽቃት ነበር። እሷም እየሳቀች ትሄድልኛለች።

አንድ ቀን አብሬያት አንድ ቢሮ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ የምህረትን ወረቀት አየና፣ ይህቺ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፣ ትልቅ ሰው ናት፣ በፈቃዷ ነው የሄደችው አለን። እኔ ልጅ ናት ልል አፌን ስከፍት እትዬ የሺ ክንዴን ጭብጥ አደረገችኝ። ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ ነው የነገረችኝ።

«ቀበሌ ሄጄ ዕድሜዋን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ። ደላላው ለዓረብ አገር ይሻላል ብሎ ስሟንም ሀያት አሰኛት። እሺ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

የኔም ወረቀት ላይ ያለው ዕድሜ የኔ አይደለም። ስንቶቻችን እንዲህ ሆነን ነው የመጣነው። ለመንግሥት የጠፋች ልጅ የለችም፣ ሥራ ጥላ የሄደች ሴትዮ ናት ያለችው።

በፊት በፊት የምህረትን ፎቶ ይዛ ሻርጃ ሮላ ሰፈር ስትዞር የኛ ልጆች ይሸሿት ነበር። መኖሪያ ፈቃድ የሌላት ልጅ፣ ፎቶ ይዛ የምትጠይቅ ሴት ስታይ ኤጀንሲ የላካት ነው የሚመስላት። እትዬ የሺ ታዲያ ዘዴ ዘየደች። በየቢድ ስፔሱ እየዞረች በነፃ ሹሩባ ትሠራ ጀመር። «ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ ያስቀመጠች ልጅ ወዴት ትሮጣለች?» ትለኝ ነበር። ሻርጃ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ድረስ ሄዳ ትሠራለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ግን ስታጠብቅ አይጣል ነው። እኔን የሠራችኝ ጊዜ ቅንድቤ ወደ ላይ ተሰቅሎ ሦስት ቀን ሰንብቷል።

አንድ ነገር ላይ ግን ግትር አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ምህረትን ታውቃላችሁ ወይ እያለች ነው የጠየቀችው። እዚህ አገር ደግሞ ሰው የሚያውቃት በወረቀቱ ስም ነው። ስነግራት፣ በውሸት ያስጻፍኩላትን ስም በአፌ አልጠራም አለች። በመጨረሻ አጅማን ላይ የአንዲት ልጅ ሹሩባ እየሠራች ሳለ እኔው ፎቶውን አውጥቼ ሀያትን ታውቂያታለሽ ወይ አልኩ።

ልጅቷ አወቀቻት። ያኔ ጎረቤት ቤት ነበር የምትሠራው። ምህረት አንድ ጠዋት ቆሻሻ ልትጥል በነጠላ ጫማ ወጣች፣ በር ላይ ሰላም ተባባሉ፣ ከዚያ ወዲያ አላየቻትም።

«ዋላሂ፣ ከዚህ ሌላ አላውቅም» አለች።

ለመጥፋት ያሰበች ልጅ በነጠላ ጫማ አትወጣም፣ ልብሷን ትይዛለች። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ልጅቷ ግን ፈቃድ ስለሌላት ልትመሰክር ፈራች፣ የምህረት አሠሪዎች ቤትም ስንሄድ ሰዎቹ ለቀውት ሌላ ሰው ገብቶበታል። ያን ቀን እትዬ የሺ ሹሩባውን ጨርሳ ነው የተነሳችው። ልጅቷን ግንባሯን ስማ፣ አመስግና ወጣች። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነው ያለቀሰችው።

ባለፈው ዓመት ትልቁ ልጇ ከኮምቦልቻ ደውሎ፣ እማ፣ ለቅሶ እንቀመጥና ይውጣልን ብሎ ለመናት። «ያልቀበርኩትን አላለቅስም» አለችው። ይህች የዘወትር ቃሏ ናት። ምህረትን እንደ ሟች የሚያነሳ ሰው ሲገጥማት በዚህች ነው አፉን የምታስይዘው። ፍትሐት አላስደረገችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ዛሬ ለራሷ ለቅሶ ተቀምጠናል።

አጅማን የነበራችሁ እህቶች፣ ሀያት የምትባል ቀጭን፣ ጉንጯ ላይ ጠባሳ ያላት ልጅ ያያችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ማን እንደሆናችሁ አልጠይቅም። ምህረት፣ አንቺም ይህን ካነበብሽው፣ እናትሽ አንድ ቀን እንኳ አንቺን አልወቀሰችም። ስትወቅስ የኖረችው ራሷን ነው።

እትዬ የሺ፣ ደህና ሁኚ። እንግዲህ የሄድሽበት እስኪ ፈልጊያት። ካገኘሻት እቀፊያት፣ ይቅርታሽንም ጠይቂያት፣ ይቅር ትልሻለች። ካጣሻት ግን ደስ ብሎሽ እረፊ። እዚህ አለች ማለት ነው። እኛ እንፈልጋታለን።