በእንሰት መሃል የተራቡት

ጥዑመልሳን ሴቻ ውስጥ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዐሥራ አንዱን ዓመት ትምህርት በተዘጋ ቁጥር አንድ ልቦለድ ሲጽፍ ኖሯል። በልቦለዱ ውስጥ፣ ዝናብ ለሰባት ዓመት ቀርቶ ዓለም ባዶ ከሆነች በኋላ፣ የተረፉ ጥቂት ሰዎች ከምዕራብ ዓባያ ተነሥተው ወደ ገረሴ ተራሮች ይጓዛሉ። መጽሐፉ ስምንት መቶ ዐሥራ ሁለት ገጽ ነው። ባልደረባው ስለሆንኩ ረቂቁን ያረምኩት እኔ ነኝ።

በወጣ በአራተኛው ወር አንባቢዎች ሊወያዩበት ተሰበሰቡ። ጡረታ የወጡት ነርስ እትዬ ጸዳለ ሁለት ጊዜ አንብበውታል። "ምዕራፍ ዐሥራ ዘጠኝ ላይ መነጽሬን አውልቄ ቁጭ አልኩ" አሉ። በዚያ ምዕራፍ ብርቅዬ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ፣ ገረሴ ደርሳ፣ በወንድሟ እጅ ላይ በረሃብ ትሞታለች።

ባጃጅ ነጂው ሚካኤል በበኩሉ "እኔ ሁለት መቶ ገጽ ዘልዬ ስመለስ ሰዎቹ ያው ዳገቱ ላይ ናቸው" ሲል ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጥዑመልሳንም ሳቀ።

ሳቁ የቆመው የግብርና ባለሙያው በርናባስ ሲናገር ነው። የገረሴ ልጅ ነው።

"ጋሼ፣ እኔ እዚያው ምዕራፍ ላይ ዘጋሁት። ሰዎቹ ገረሴ ደርሰው ነው የተራቡት?"

"አዎ።"

"እንሰት መሃል ቆመው?"

በርናባስ ቀጠለ።

"እናቴ ጓሮ የተቀበረ ቆጮ አለ፤ ዓመት ቢቆይ አይበላሽም። አንራብም አላልኩም። እንዲህ ግን አንራብም።"

"ረሃብ ያላየ ነው እንዲህ የሚያወራው" አሉ እትዬ ጸዳለ።

"ቆጮ ያላየም ነው እንዲህ የሚጽፈው፣ እትዬ።"

ሁለተኛው እትም ሊታተም ነበርና አሳታሚው ጥዑመልሳንን ምዕራፉን አውጣው፣ መጽሐፉም ያጥራል አለው። እኔም እንደዚያው መከርኩት።

"ብርቅዬ እህቴ ናት" አለኝ። "በሰባ ሰባት ከወሎ ወደ እርዳታ ጣቢያው ዘጠኝ ቀን ስንጓዝ በስምንተኛው ቀን ቀረች። ፎቶ እንኳ የላትም። ካወጣኋት የት ትሆናለች?"

ይህን ሁሉ ዓመት ጎን ለጎን ስናስተምር አንድ ቀን አንሥቶት አያውቅም።

ቅዳሜ ከበርናባስ ጋር ሦስታችን ገረሴ ወጣን። በመንገድ ላይ የእህቱን ነገር ለበርናባስ ነገረው፤ እሱም ለእናቱ። ወይዘሮ ልክነሽ ጓሮ ወስደውን ድንጋዩን አነሡ፤ የእንሰት ቅጠሉን ገልጠው ቆጮው የተቀበረበትን ጉድጓድ አሳዩን። ከዚያ በጋሞኛ ተናገሩ፤ ልጃቸው ተረጎመ።

"የሞተችው አንተ አገር ሆኖ ሳለ እኛ ደጅ ለምን ገደልካት? እዚህ ብትደርስ ኖሮ በልታ ነበር።"

ጥዑመልሳን ጎንበስ ብሎ ጉድጓዱን አየ። 

ሰኞ ለአሳታሚው አንድም ገጽ እንደማይቀነስ ነገረው። ተጓዦቹን አሁን ከወሎ ያስነሣቸዋል። ብርቅዬ በስምንተኛው ቀን፣ በእውነት በቀረችበት ሜዳ ላይ ትቀራለች። ገረሴ የሚደርሰው ወንድሟ ብቻውን ነው። መጽሐፉ በሰባ ገጽ ጨመረ።

"ጋሼ፣ እኛ አሳጥር አይደል ያልነው?" አለው ሚካኤል።

"የዘለልከውን ሁለት መቶ ገጽ አንብበህ ና፤ ያኔ እንነጋገራለን።"

አሳታሚው ካልፈለገም ፎቶ ኮፒ አድርጎ እንደሚያድለው ነግሮኛል። ሰው በሁለት ተከፍሎ ቢያማው ግድ የለውም። የከበደው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ ሦስት ሳምንት ፈጀበት። በመጀመሪያው እትም ወንድምየው እስከ መጨረሻው ድረስ ሲበላ አይታይም፤ አሁን ግን መብላት አለበት።

ትናንት መምህራን ክፍል ውስጥ ገጹን ሰጠኝ። አንዲት አሮጊት ለልጁ ቆጮ በዳጣ ታቀርብለታለች። ልጁ የእህቱን ድርሻ ቆርሶ ለብቻ ያስቀምጥና የራሱን ይበላል። ከዚያ የሷን ያነሣዋል።

"የሷንም ይበላዋል?" አልኩት።

"ይበላዋል" አለኝ። "ገና መንገድ አለበት።"