የአረፋው ሽንኩርት

አክስቴ፣ አላህ ጀነትን ይስጣትና፣ በበዓል ቀን ከሚሴን በሙሉ ታስለቅስ ነበር፤ ያውም በሽንኩርት።

ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ኦቲዝም አለባቸው። ወጥ መሥራት ነፍሳቸው ነው፤ ድንገት ሲነኳቸው ግን እሳት የነካቸው ያህል ይሸሻሉ። የእኛ ሰው ደግሞ በአረፋ ልጅ ሳያቅፍና ሳይስም በዓሉ የገባ አይመስለውም። እናም አክስቴ ከማድቤቱ በር በስተግራ ቆማ፣ ለመጣው ሁሉ ሽንኩርትና ቢላ ታስይዛለች።

«ኮቱ፣ ና ግባ! ኢድ ሙባረክ!»

«እታለም፣ እኔ እኮ ልጆቹን ልስም ነው የመጣሁ።»

«ሰላምታው በአፍህ ይሁን፤ እጅህ ሥራ ይያዝ።»

ጺሙን ሂና የተቀባ ትልቅ ሰው እንደ ሙሽራ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆቹ ማንም ሳይነካቸው ቁሌታቸውን ያማስላሉ።

ዘንድሮ እሷ የሌለችበት የመጀመሪያው አረፋ ነው። ሊያጽናናን የመጣው ሁሉ ልጆቹን ሊያቅፍ ተንደረደረ። ከማድቤት ሸሽተው ሁለተኛ እንዳይመለሱ ፈራሁና በሩ ላይ ቆሜ ሽንኩርቱን ማደል ጀመርኩ። የተላጠው ለሰንበቴ ከተማ ገበያ ሁሉ ይበቃ ነበር! ልጆቼም የበጉን ወጥ ከዳር አደረሱት፤ ወላሂ፣ ጣቴን አብሬ ልውጥ ነበር።

እኔ ከተሳፈርኩ ባጃጁ ሌላ ሰው አይጭንም፤ በሩንም ሞልቼው ነበር። ትልቁ ልጄ ግን መንገድ ስለቅለት ወጡን ይዞ ሲወጣ፣ ከበሩ በስተግራ ያለውን ባዶ ቦታ ሰው እንደቆመበት ሁሉ ቀስ ብሎ ዞሮት አለፈ።

ተከትዬው ስወጣ እኔም ቦታውን ዞሬ አለፍኩ።